ከሁለቱ ፈረሶች የትኛው ይገዛ?

በከተማ የምንኖር ሰዎች ስለ መኪና ስናወራ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ። እርሱም «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ነው። አንዱ መኪናዬ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው ሲል፣ ሌላው የእኔ ይበልጣል ብሎ ይመልሳል። ለዘወትር መመላለሻም ለሽቅድምድምም የሚሆን አንድ መኪና ለመግዛት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር በብዙ አገር የተለመደ ነው። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ ይኸው ምርጫ የሚደረገው ግን በእውነተኛው ፈረስ ላይ ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለዚሁ ነው። «ይህማ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! ፈረሱን የሚጋልበው ወንድ ቢሆንም ውሃ የምታጠጣው፣ ሣር የምታቀርብለት፣ ወደ ወፍጮ ቤት የምትስበው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናትና።

እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዳንግላ ከእርሷ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። አካባቢው ደጋማ፣ ዝናብ የማይነፍገው፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ነው። በሌላው አገር እርሻ የበሬ ሥራ ሲሆን፣ በአዊ ደጋ ግን ፈረስም ይጠመዳል፤ ያርሳል። እህል ወደ ወፍጮ፣ ድንች ወደ ገበያ ይጭናል። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ጌታውን ያደርሳል።

በዚህ ላይ ጥር 23 አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓላማውም ፈረስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት፣ ኋላም በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለአርበኞች የሰጠውን አገልግሎት ማሰብ ነው። አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ በግላስ አጊጦ፣ ጋሻና ዘንግ ተይዞ፣ ጉግሱና ስግሪያው ሲታይ ልብ ይሞላል። ማኅበሩ ለትርኢት ብቻ የቆመም አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኞች ተሰልፈው ይሸኙታል፤ የተጣላም ይታረቃል። ስለዚህ ለአንድ የአገው ገበሬ ፈረስ ይዞ መገኘት የታይታ ጉዳይ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮ ግዴታ ነው።

ታሪካችንም ቢሆን ፈረስን ያከብራል። ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ለእነዚያ ፈረሶች ሣር ያጨዱና ውሃ የቀዱ እጆች ግን ስም አልወጣላቸውም።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ትውልዴ ከዳንግላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በግብርና ይተዳደራል። የቤታቸው ፈረስ ስላረጀ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሌላ ለመግዛት ተነሡ። ከገንዘቡ ሲሶው የኔ፣ ሲሶው የወንድሜ፣ ሲሶው ደግሞ የባለቤቱ የዕቁብ ብር ነበር። ሦስታችንም ዳንግላ ገበያ ወርደን ከብዙ ማማረጥ በኋላ ዐይናችን በሁለት ፈረሶች ላይ ዐረፈ።

አንደኛው ዳማ ነው። ዕድሜው አምስት ዓመት፣ እግረ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጆሮው እንደ ቀንድ የቆመ ነበር። ሁለተኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ሲሆን፣ ዕድሜው ሰባት ዓመት፣ ቁመቱ አጠር፣ አንገቱ ወፈር ያለ፣ በእርሻና በጭነት የኖረ ነበር። ዳማው ከቦራው የሚበልጥበት ዋጋ አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛል። የዳማው ባለቤት ወደ ሜዳው እያመለከቱ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!» አሉ። ወንድሜ ወጣበት። ዳማው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነጎደ፤ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ወንድሜ ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር። በቦራውም ወጣ፤ ቦራው ሮጠ፤ ነገር ግን ማንም ዞሮ አላየውም።

ነገሩ አለቀ ስንል የወንድሜ ባለቤት ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች። «አያ፣ እስቲ ዛቡን ለኔ ይስጡኝ» አለቻቸው። አንዳንዶች ሳቁ። እርሷ ግን ዳማውን ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ይዛው ሄደች። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ሲነፋ ዳማው ደንብሮ በኋላ እግሩ ቆመ፤ ዛቡም እጇን ላጠው። ዳማውን ለባለቤቱ መልሳ ቦራውን ያዘች። አይሱዙ የጭነት መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ቦራው ጆሮውን ብቻ አዞረ። ቀጥላም እግሮቹን አንድ በአንድ እያነሣች ሰኮናውን አየች፤ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባውን በመዳፏ እየተጫነች ቁስል እንዳለበት ፈተሸች፤ ጆንያ ሙሉ እህል አስጭናም ቁልቁለት አስወረደችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ «እኔ ልጅ አዝዬ ነው የምስበው» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ወንድሜም ዝም አላለም። ምሳ ለመብላት አረፍ ባልንበት ቤት ምክንያቱን ዘረዘረ። «ፈረስ ለጭነት ብቻ ከሆነማ አህያ ይበቃን ነበር» አለ። ቀጥሎም «አባታችን በማኅበሩ ውስጥ ከኋላ ተሰልፎ አያውቅም፤ እኔ በዘገምተኛ ፈረስ ሄጄ በጓደኞቼ ፊት ልቅለል? እትዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ» ብሎ ወደኔ ዞረ። ውድ አንባብያን፣ ይህን የወንድሜን ቃል በቀላሉ አትዩት። የሰው ልጅ በእንጀራ ብቻ አይኖርም፤ በክብሩም ይኖራል።

እኔም እንደ ሙያዬ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ አሮጌው ፈረስ የዋለበትን ሥራና ዛቡን የያዘውን ሰው ጠየቅኳቸው። ስንት ቀን ወፍጮ፣ ስንት ቀን ገበያ፣ ስንት ቀን እርሻ፣ ስንት ቀን ለቅሶ እያልን አንድ በአንድ ቆጠርን። ከሠላሳው ቀን በሃያ ሁለቱ ዛቡ የነበረው በባለቤቱ ወይም በአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው እጅ ነበር። ወንድሜ ዝርዝሩን ትኩር ብሎ አየው።

ቀጥለን የቀለቡን ሒሳብ ሠራን። ክብደቱ 250 ኪሎ የሚሆን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህም በዓመት 18 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ውሃውም በትንሹ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ሙቀትና ሥራ ሲበዛ ከዚያ ያልፋል። ለሩጫ የሚዘጋጅ ፈረስ በዚህ ላይ ገብስ ይጨመርለታል። ገብሱም በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጠው ሆዱን ቆርጦት ሊሞት ስለሚችል፣ ጥቂት በጥቂት የሚሰጠው ሰው ቤት መዋል አለበት። እንግዲህ ቤት የሚውለው ማን ነው? ለሦስት ልጆች ከሚሰፈረው ገብስ ላይ የፈረሱን ድርሻ የምትቀንሰውስ ማን ናት?

እዚህ ላይ ስለ «የፈረስ ጉልበት» አንድ ነገር ላንሣ። አንድ የፈረስ ጉልበት የሚባለው 75 ኪሎ ክብደት በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። አንድ ፈረስ ለጥቂት ሰከንዶች ሲፈተለክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሲውል ግን ከአንድ የፈረስ ጉልበት ብዙም አያልፍ፤ እንዲያውም ያንሳል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ያየነው የዳማው ኃይል የጥቂት ሰከንድ ኃይል ነው። ቤት የሚያቆመው ደግሞ የቀን ሙሉ ኃይል ነው። ሁለቱ በአንድ እንስሳ ውስጥ እኩል የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው።

የጉግስም ነገር ቢሆን ፍጥነት ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን ዘንግ ይዞ ያባርራል፤ ሌላው በጋሻ እየመከተ ይሸሻል። ለዚህ የሚያስፈልገው በአንድ ምልክት መነሣት፣ በጠባብ ቦታ መዞርና በተፈለገ ጊዜ መቆም ነው። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ፍጥነትን በልምምድ ጥቂት ማሻሻል ይቻላል። ድንጉጥ ጠባይን ማረም ግን ጊዜና አዋቂ ሰው ይጠይቃል፤ የተበላሸ ሰኮናንም በልምምድ መተካት አይቻልም።

በመጨረሻ ወንድሜ ራሱ ተነሥቶ «ቦራው ይሁን» አለ። በተረፈው ገንዘብ ለቤቱ ጤፍ ተገዛ።

ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት ቦራውን አለማመዱት። በመጀመሪያ በሶምሶማ፣ ቀጥሎ በስግሪያ፣ በመጨረሻ በአጭር በአጭሩ ግልቢያ አደረጉት፤ በየመካከሉም ያሳርፉታል። ከማረሱ የተነሣ በጠባብ ቦታ መዞር ለምዶ ስለነበር ለጉግስ አልከበደውም። ጥር 23 ቀን ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ተሰለፈ። በግልቢያው ብዙዎች ቀደሙት። በስግሪያው ግን ቦራው አንገቱን ቀልብሶ፣ ጌታውን ሳያንገጫግጭ ሲያልፍ እልልታ ተቀበለው። ያ ዳማ ሌላ ሰው ገዝቶት በዚያው ሜዳ ላይ ነበር። እንደ ነፋስ ሲያልፍ ወንድሜ በዐይኑ ሸኘው። ባለቤቱ አይታ «ቆጨህ እንዴ?» ብትለው «ዐይን አይከለከልም» ብሎ መለሰላት። ሁለታቸውም ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት ቦራው ሁለት ጆንያ ገብስ ተጭኖ፣ ዛቡን ያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይዞት፣ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደ።

ከዚህ የተነሣ ፈረስ ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ። በመጀመሪያ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ፤ ፈረስ የፊት ጥርሶቹን በሙሉ ለውጦ የሚጨርሰው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ሰኮናውን አንሥታችሁ ስንጥቅና ሽታ እንደሌለው አረጋግጡ። በእግሩና በአንገቱ ቆዳ ላይ በገመድ እንደ ተሰካ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ወይም ፈንድቶ የሚመግል ቁስል ካያችሁ ተዉት፤ በቁስልና በዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት የሌላ ፈረስ ኮርቻና ልጓም አትዋሱ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳልና አስሩጣችሁ ካቆማችሁት በኋላ ጎኑን እያያችሁ ቁጠሩ፤ ትንፋሹ ቶሎ ካልተመለሰ ተጠራጠሩ። ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚይዘው ሰው በገበያው ላይ ይያዘው።

እርግጥ ነው፣ አቅሙ ያለው ቤት ሁለት ፈረስ ቢይዝ፣ አንዱን ለሥራ አንዱን ለበዓል ቢለይ፣ እሰየው ነው። የቤት ጣጣ የሌለበት ጎበዝ ወጣትም ዳማውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። አንድ ፈረስ ብቻ ለሚገዛ ቤት ግን መለኪያው የዓመቱ አንድ ቀን ሳይሆን ሌሎቹ ቀኖች መሆን አለባቸው።

ውድ እናቶችና ሠራተኞች! በከተማ ያላችሁትስ? መኪናም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ስፌት መኪናም ይሁን ምድጃ፣ ቤታችሁ ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን በየቀኑ የሚነካው እጅ በምርጫው ላይ አለ ወይ? ገንዘብ ያወጣ መናገሩ ተገቢ ነው። ሲሠራበት የሚውለው ሰውም እንዲሁ መደመጥ ይገባዋል። የወንድሜ ባለቤት ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም፤ «ዛቡን ለኔ ይስጡኝ» ብቻ ነው ያለችው። እናንተም በየቤታችሁ ይህን ለማለት አትፈሩ።