ከእማዬ ጋር በዱባይ ሜትሮ

ዱባይ በገባን በመጀመሪያው ቀን ለሳምንት ብዬ ከመደብኩት የታክሲ ገንዘብ ግማሹ አለቀ። ማርኬቲንግ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝና በጀት ማውጣት እችላለሁ ባይ ነበርኩ። ለእማዬ "ከነገ ጀምሮ በባቡር ነው የምንሄደው" ስላት፣ "ለእኔ ያው ነው፤ ብቻ እንዳናረፍድ" አለችኝ። አመጣጣችን ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን ታናሽ እህቴን ካየናት ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ያገኘችው ፈቃድ ደግሞ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ሜትሮው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ኖል የሚባለውን ካርድ ከጣቢያው ይገዛሉ፤ ብርማው 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ ለጉዞ ይያዝልዎታል። በአንድ ዞን ውስጥ 3፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ዞኖች 5፣ ከዚያ ካለፈ 7.50 ድርሃም ይቆረጣል። ሲገቡም ሲወጡም ካርዱን ማስነካት አይርሱ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ውስጥ መብላትና መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ ሳይቀር፣ 100 ድርሃም ያስቀጣል። (እማዬ ቆሎዋን ወደ ቦርሳዋ እንድትመልስ ያግባባኋት በስንት ልመና ነው።)

አል ሪጋ ጣቢያ፣ ለሴቶችና ለሕፃናት በተለየው ፉርጎ በር ፊት ቆምን። ባቡሩ ሲመጣ እማዬ ቀድማ ገባች። እኔ ስልኬ ላይ ካርታ ሳይ በሩ ተዘጋ። አዲስ አበባ ቢሆን ቆርቆሮውን ደብድቤ አስቆመው ነበር፤ ይህ ግን ረዳት ቀርቶ ሾፌር የለውም። በመስታወቱ ነጠላዋን ብቻ አየሁ። ስልክ አልያዘችም፤ እንግሊዝኛም ዐረብኛም አታውቅም። ቀጣዩ ባቡር የመጣው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ለእህቴ የምነግራትን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር።

ዩኒየን ስደርስ እማዬ ከአንዲት ወጣት ጋር ቆማለች። ልጅቷ ነጠላውን አይታ "እማማ፣ ብቻዎን ነዎት?" ብላ በአማርኛ ጠይቃት፣ ነገሩን ስትሰማ "እዚህ እንጠብቃት፣ ትመጣለች" ብላ አብራት ወርዳለች። ሥራ ረፍዶባት ኖሮ እኔን ባመጣኝ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከልጆች ወይም ከወላጅ ጋር ከሆኑ ከሆቴል ሳትወጡ ተስማሙ፦ የሄደው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ ይጠብቅ፣ የቀረው ይከተል። የሆቴሉን አድራሻ ኪሳቸው ውስጥ ይክተቱላቸው።

ቡርጅ ካሊፋ ጣቢያ ከወረድን በኋላም እስከ ገበያ ማዕከሉ ረጅም የተሸፈነ መተላለፊያ አለ፤ ያንን በሰዓታችን ውስጥ አልቆጠርኩትም ነበር። እህቴ መግቢያው ላይ ትጠብቀን ነበር። እማዬ ያን ሁሉ ፎቅ ቀና ብላም አላየችው። የልጇን እጅ እያገላበጠች ታያለች።

ሜትሮውን ሳወራ እህቴ "እኔ እኮ ተሳፍሬ አላውቅም" አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የአሠሪዎቿ ሾፌር ነው የሚያመጣትና የሚመልሳት። ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ካርድ ገዛንላትና አንድ ጣቢያ ሄደን ልንመለስ ወጣን። ባቡሩ ሲቆም እማዬ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ ጎተተቻት።

"ፈጠን በይ ልጄ፣ በሩ አይጠብቅም!"