የሩብ ኪሎ ገዢዎች

ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን ላይ ሱቅ አለኝ። ሱቅ ስላችሁ ሱፐርማርኬት እንዳይመስላችሁ፤ ከአጥራችን ጋር የተያያዘች፣ ደንበኛው ውጭ ቆሞ በመስኮት የሚገዛባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ የቲማቲም ድልህ በማንኪያ እሸጣለሁ። ገዢዎቼ ሸማኔዎች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ዘበኞች ናቸው። የዛሬውን ዛሬ ይገዛሉ፣ የነገውን ነገ። ስለ ኮሮና ጊዜ የገበያ ግርግር ሲወራ እሰማለሁ፤ የሚያወራው ግን ብዙውን ጊዜ መኪናውን ሞልቶ የሄደው ሰው ነው። የሩብ ኪሎ ገዢዎችን ነገር የሚያነሳ ስለሌለ እኔ ልመስክር።

የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ ቀን። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሰውዬው አንድ፣ ወሬው ግን ሺህ ሆነና በማግስቱ ከተማው ገበያ ወጣ። መጋቢት 7 ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘጋ ሲባልማ የቀረው ሰው ሁሉ ተነሳ። ከዚያ በፊት በሰፈራችን አይቼው የማላውቀው ጎልማሳ መኪናውን መስኮቴ ስር አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ያለሽን ፓስታ በሙሉ አውጪ» አለኝ። ከትልልቁ ሱቅ ተሻምቶ ያጣውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንደር የገባ ነው። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ዱቄት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በሁለት ቀን አለቀ። መጀመሪያ ላይ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ነጋዴ ነኝ።

ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጾሙ የተያዘው የካቲት 16 ነው፤ ፋሲካው ሚያዝያ 11። በሁዳዴ የሰፈራችን ምግብ ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ነው፤ ሥጋና ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ሰው ከፍርሃት የተነሳ ያከማቸው ደግሞ በትክክል እነዚህኑ ነው። በሌላ ወር ቢሆን ድሃው ወደ ሌላ ነገር ዞር ይል ነበር። በዚያ ወር ግን ዘይት ከጠፋ ወጥ የለም፤ ይኸው ነው።

ከዚያ የሎሚው ነገር መጣ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ለበሽታው ፍቱን ናቸው ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ከሰው ሰምቶ ነው። አትክልት ተራ ጠዋት የጠየቅኩት ዋጋ ከሰዓት ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ሎሚ ከእጥፍ በላይ ወጣ፣ ነጭ ሽንኩርትም ተከተለው። ሎሚን በፍሬ እየቆጠርኩ ስሸጥ ሰዎች ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ የዘረፍኳቸው ይመስላቸዋል። ኋላም ተቆጣጣሪዎች መጡና ዋጋ ያናሩ ናቸው ያሏቸውን ሱቆች ማሸግ ጀመሩ። ከእኔ ወረድ ብሎ ያለው ልጅ ሱቁ ታሸገበት። ያን ዕለት ማለዳ ሎሚውን በስንት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ አብረን ነው የገዛነው። ትርፉ በፍሬ ከሳንቲም አያልፍም ነበር። አስወድደው የሸጡልን ግን ሱቅ የላቸውም፣ የሚታሸግ በርም የላቸውም።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ወሰንኩ። የቀረችኝን አንድ ጀሪካን ዘይት ከባንኮኒው ስር አስገብቼ በሲኒ ብቻ መሸጥ። ከዚያች ጀሪካን ሊትር የለም፣ ግማሽ ሊትርም የለም። አንድ ሰው ጀሪካኗን አይቷት ኖሮ፣

«ያውና ዘይት! ለምን ትደብቂያለሽ?» አለኝ።

«አልደበቅኩም፤ ለሲኒ ገዢ ነው።»

«የኔ ገንዘብ አይደለም?»

«ገንዘቡስ ገንዘብ ነው ጌታዬ፤ ዘይቱ ግን የሰፈሩ ነው።»

ሰድቦኝ ሄደ። ሊያሳሽገኝ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ ዕቃ መደበቅ ራሱ ያሳሽጋል። ደግነቱ ሳይመለስ ቀረ።

በሽታውን ራሱን በዓይኔ አላየሁትም። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ሲነገር፣ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን ቁጥር ሲያወጡ፣ እንደ ማንኛውም ሰው እየፈራሁ ሰማሁ። በየቀኑ መስኮቴ ላይ የሚቆመው ግን ሥራ ማጣት ነው። ልብስ አጣቢዋን ላንሳ። ከቤት ቤት እየዞረች የምታጥብ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ቀጣሪዎቿ ተራ በተራ «በሽታው እስኪያልፍ አትምጪ» አሏት። በሽታውን ከእሷ ፈርተው ነው፤ እሷ ግን ከሽሮ ሜዳ አልፋ የሄደችበት አገር የለም፣ እነሱ ናቸው አውሮፕላን የሚሳፈሩት። አንድ ማታ መጣችና እንደ ወትሮው አንድ ሲኒ ዘይትና ሩብ ኪሎ ሽሮ አለችኝ። ዘይቱን ቀድቼ ስጨርስ ሳሙናውን ስታይ ቆየች። በየሬዲዮው፣ በስልክ ጥሪው ሳይቀር «እጃችሁን ታጠቡ» ነበር የሚባለው። መዳፏ ላይ ያለውን ብር ቆጠረችና፣

«እትዬ፣ ዘይቱን ለዛሬ ይመልሱትና ሳሙና ይስጡኝ» አለችኝ።

ዘይቱ ሲኒው ውስጥ ነው፣ ፌስታሉም ተከፍቷል። ሁለቱንም ሰጠኋትና ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ከሷ በፊት ዱቤ የምሰጠው ደመወዝ ላለው ሰው ብቻ ነበር።

ሸማኔዎቹም ተከተሉ። ሽሮ ሜዳ ማለት የሀገር ልብስ ማለት ነው፤ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ፋሲካ ነው፣ ከዚያ የዳግማይ ሰርግ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰርግ ቀረ፤ ገዢ ከሌላ ሰፈር እንዳይመጣ ታክሲው በግማሽ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ጥለቱ አልቆ የተሰቀለ ቀሚስ ቤታቸው ሞልቶ ሩብ ኪሎ ምስር በዱቤ የሚጠይቁ ሰዎች አየሁ። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አዋጁ መከልከሉ ለነሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያንን አልክድም። ሆድን ግን አዋጅ አይሞላውም።

ከሱቁ ፊት ገመድ ወጠርኩ፤ ቧንቧ ያለው በርሜልም አስቀመጥኩ። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉ ባዶ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ብሩ ላይ አልኮል እየረጨሁ እቀበላለሁ፤ የረጠበ አሥር ብር መሳቢያዬ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ያድራል። አልኮሉም አለቀና ተውኩት።

ለኔ እውነተኛው ጭንቅ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ዱቤ እሰጣለሁ፤ መርካቶ ያለው ጅምላ ነጋዴ ግን «በጥሬ» ነው የሚለኝ። በዚያ ላይ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጥግግቱ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ዞረ። ለሽሮ ሜዳ ሰው ቅርብ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ሰሞን ዝናቡ ሲመጣ ጭቃው ውስጥ ሽንኩርት መሸከም ምን እንደሚመስል የተሸከመ ያውቀዋል። ደብተሬ ሞልቶ መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ። ልዘጋው ደርሼ ነበር። ያዳነኝ ዕቁቡ ነው። መሰብሰብ ስለተከለከለ የዕቁባችን ዳኛ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር የሚሰበስቡት። በየበሩ ቆመው የኔን ነገር ለአባላቱ ተናገሩና፣ ዕጣ ሳይወጣ ብሩ ይሰጣት ተባለ። ሦስት ሰዎች ለራሳቸውም እየቸገራቸው እሺ እንዳሉ ኋላ ሰማሁ። በዚያ ብር ዘይትና ሽሮ አስገባሁ።

ማዕድ ማጋራት የተባለውም መጣ፤ ሩዝ፣ ዘይትና ፓስታ ለተቸገሩ ተሰጠ። የደረሰው ደርሶታል፣ እግዜር ይስጥልን። ለፋሲካ ዶሮ የገዛ በሰፈራችን ጥቂት ነው። በክረምቱ ፓስታ እንደልብ ተገኘ፤ ዋጋው ወደ ድሮው ባይመለስም ዕቃ ጠፋ የሚል ቀረ። በመጋቢት ያከማቹትን ምስር ነቅዞባቸው ለዶሮ የበተኑ ሰዎችም አይቻለሁ። እንግዲህ ምግብ ጠፍቶ አልነበረም፤ ከመስኮቴ ተነስቶ ሰው ጓዳ ገብቶ ነው።

ያ ባለመኪና ሰው ራሱን ጠበቀ፤ እኔ አልፈርድበትም፣ ልጆች ይኖሩታል። የምፈርደው በሌላ ነገር ላይ ነው። ያን ጊዜ በመንግሥት ዋጋ የሚገኘው ዘይትና ስኳር ያለው በሸማቾች ማህበር ነበር። እዚያ ለመግዛት የቤት ቁጥር ያስፈልግ ነበር፣ ዘይቱም በጀሪካን ነበር የሚሰጠው። ልብስ አጣቢዋ ተከራይ ናት፤ የቤት ቁጥሩ የአከራይዋ ነው። ቢኖራትስ የጀሪካን ሙሉ ዋጋ በአንድ ቀን ከየት ታመጣለች? ርካሹ ዘይት ለቤት ባለቤቱ፣ ውዱ ሲኒ ለተከራይዋ ሆነ። እኔ ራሴ በሲኒ ስሸጥላት ሊትሩን አስልታችሁ ብታዩት ከሸማቾቹ ዋጋ በላይ ነው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የምለምነውም ሥልጣን ያላቸውን ነው። ሌላ ወረርሽኝ ወይም ሌላ ግርግር ሲመጣ የሎሚ ሱቅ ከማሸጋችሁ በፊት፣ የሸማቾቹ ዘይት ለተከራይም ይድረስ፤ በጀሪካን ብቻ ሳይሆን በግማሽ ሊትርም፣ በሲኒም ይሸጥ። ልኬቱን እኔ መጥቼ አሳያችኋለሁ።