ብረት ያስከበረው ምርኮኛ

በሂልብሮው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ብረት ማለት በየፎቁ በርና መስኮት ላይ የተበየደው ፍርግርግ ነው። ሌባ ይከላከላል እንጂ ማንም ጥበብ ብሎ አያየውም። እዚሁ ጆሃንስበርግ ውስጥ ግን በብየዳ ስሙን ተክሎ ያለፈ አንድ ባይተዋር ነበር፤ ኤዶዋርዶ ቪላ ይባላል።

ቪላ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢጣሊያ፣ ቤርጋሞ አካባቢ ተወለደ። ቅርጻ ቅርጽ ቢማርም የሙሶሊኒ ጦር ወታደር አድርጎ አዘመተው። ያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረ ጦር ነው፤ ይህ አይረሳም። ቪላ ግብፅ ላይ ተማርኮ ከፕሪቶሪያ በስተምሥራቅ በሚገኘው የዞንደርዋተር የምርኮኞች ካምፕ ታሰረ። እዚያ ከኢትዮጵያ ምድር ተማርከው የመጡ ጣሊያኖችም ነበሩ። በ1947 ሲለቀቁ አብዛኞቹ አገራቸው ገቡ፤ እሱ ግን ጆሃንስበርግ ቀረ።

በ1950ዎቹ ወደ ብረት ዞረ። ፋብሪካ የሚያውቀውን ብረት እየቆረጠ፣ እየበየደ፣ አንዳንዱንም ደማቅ ቀለም እየቀባ የቆመ ሰው፣ የታሰረ ሰው የሚመስል ሐውልት አወጣ። በ1963 «አማድሎዚ» የተባለው ቡድን ሲመሠረት ከጥቁሩ ቀራፂ ከሲድኒ ኩማሎ ጋር አባል ሆነ። ስሙ በዙሉ ቋንቋ የአባቶች መንፈስ ማለት ነው። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ እንዲኖር ሕግ ያስገደደበት የአፓርታይድ ዘመን ነበር። በ1995፣ ቪላ 80 ዓመት ሲሞላው፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሙዚየም ከፈተ። በ2011 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሙያ የያዘ ሰው ምን ተባለ? ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን፣ መስቀሉን የሚሠራለትን ሰው ኅብረተሰቡ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያለ አገለለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ዘለቀ።

ስደተኛ ከሻንጣው ሌላ ይዞት የሚመጣው እጁን ነው። ቪላ ወደዚህ አገር የገባው በእስረኛነት ነበር፤ ሥራው ግን ሙዚየም ውስጥ ገባ። ዛሬ ከወገን መካከል ብየዳ፣ ቅርጽ ወይም አንጥረኛነት የሚያውቅ ሁሉ ሙያውን ደብቆ መኖር የለበትም። የሚያውቀውን ለልጆች ያስተምር፤ ወገንም ሥራውን ይግዛለት፣ ባለ እጅ ብሎ ያክብረው።