ዳ ናንግን ለሚጎበኝ ሙስሊም ቤተሰብ

በቬትናሟ የባሕር ዳር ከተማ በዳ ናንግ ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተውን የዘንዶ ድልድይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እሳት ይተፋል፤ ዒሻን ሰግዶ ለመድረስ ይመቻል። እኛ ግን አስቀድማችሁ በ1919 ወደተከፈተው የቻም ቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም ግቡ እንላለን። «ጣዖት ወደሞላበት ቤት ልጅ ይዞ መግባት እንዴት ይሆናል?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ያንን ድንጋይ ከጠረቡት የቻም ሰዎች ዘር ብዙዎቹ ዛሬ በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ በየመስጊዱ ተሰልፈው እንደሚሰግዱ ለልጅ ለመንገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አናውቅም። የእብነ በረድ ኮረብታዎቹ ደረጃ አረጋውያንን ያደክማል፤ ቢታለፍም አይቆጭም። በሚ ኬ ባሕር ዳርቻ ዐስርን ለሚሰግድ ቂብላው ወደ ምዕራብ ነውና ባሕሩ ከጀርባ ይቀራል። ሕፃናቱ ማዕበሉን ለማየት ዞር ዞር ማለታቸው አይቀርም።