የካብ ላይ ወይን

በጣልያን ሰሜን ምዕራብ፣ ከላ ስፔዚያ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ተራራና ባሕር የተፋጠጡበት ቺንኴ ቴሬ የሚባል አገር አለ። ትርጉሙ «አምስቱ ምድሮች» ማለት ሲሆን፣ አምስቱም ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒልያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የተባሉ መንደሮች ናቸው። ከመንደሮቹ በላይ ያለው ዳገት ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ በደረቅ ድንጋይ ብቻ በተካበ እርከን የተሸነሸነ ነው። የኮንሶን እርከን ያየ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ እዚህ በማሽላው ፋንታ የወይን ሐረግ ተተክሏል፤ ከግርጌው ደግሞ ባሕር አለ።

ከዚህ የሚገኘው ነጭ የወይን ጠጅ ቢያንስ 40 በመቶው ቦስኮ ከተባለው የአካባቢው ወይን እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል፤ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ የተባሉት ይቀላቀሉበታል። መልኩ እንደ ገለባ ብጫ ነው። በማር ጠጅ ላደገ ምላስ መጀመሪያ ላይ ደረቅ፣ እንዲያውም ቆጠብ ያለ ይመስላል። በሁለተኛው ጉንጭ ግን የዱር ቅጠላ ቅጠል ሽታና ጨው ጨው የሚል ነገር ይከተላል። የአገሩ ሰዎች «ይህ የባሕሩ ንፋስ ነው» ይላሉ። እኔ ይበልጥ የወደድሁት ለብቻው ሳይሆን በሞንቴሮሶ በጨው ከሚቆየው ትንንሽ ዓሣ ጋር፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ስቀምሰው ነው። በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረሱት ሰዎች ግማሹን ጣዕም እያጡት ነው።

የወይን ጠጁ ዋጋ ረከስ ያለ አይደለም። ምክንያቱ የሚገባው ዳገቱን ለወጣ ሰው ነው። ሐረጉ ከባሕር ንፋስ እንዲድን ዝቅ ባለ ዳስ ላይ ስለሚዘረጋ፣ ለቃሚው ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም በጉልበቱ እየዳኸ ይለቅማል። ዛሬ በአንዳንድ ዳገት ላይ በአንድ ሐዲድ የምትሳብ ትንሽ የጭነት ባቡር አለች። ከዚያ በፊት የነበረው ግን የሰው ጀርባና የሴት አናት ነው። በላ ስፔዚያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቦታ ከተከፈተ በኋላ ከመንደሮቹ ብዙ ወንዶች ወደዚያ ለሥራ በመሄዳቸው፣ የወይኑ እርሻ በአብዛኛው ለሚስቶችና ለሴት ልጆች ቀረ።

ያስተናገዱኝ ከማናሮላ በላይ ጥቂት እርከን ያላቸው እናትና ልጅ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሲኞራ፣ ልጅ ሳሉ ጨርቅ ጠቅልለው አናታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያም ላይ የፍሬ ቅርጫት ጭነው ሲወርዱ እንደነበር አጫወቱኝ።

«ይህን ወይን ጠጅ ማን ጠመቀው ሲባል የአባቴ ስም ይጠራ ነበር» አሉኝ። «አባቴ ጎበዝ ሰው ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ማን ነበር? እናቴና እኔ!»

ከዚሁ ፍሬ ሻኬትራ የሚባል ጣፋጭ የወይን ጠጅም ያወጣሉ። የተመረጠው ዘለላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ተሰጥቶ እንደ ዘቢብ እስኪጨማደድ ከቆየ በኋላ በኅዳር ይጨመቃል። የሚወርደው ጭማቂ ከፍሬው ክብደት ሲሶ ያህል ቢሆን ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርበውም ስለዚህ ነው። የልጆችን ዘለላ መንካት ሲኞራ እስከ ዛሬ በዓይናቸው ይከለክላሉ።

በቀድሞው ዘመን ከ1,000 ሄክታር በላይ የነበረው የወይን መሬት ዛሬ 100 ሄክታር ያህል ብቻ ቀርቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ጎብኚውም በየዓመቱ ይጎርፋል። ነገር ግን ጎብኚ ካብ አይክብም። ደህና የተካበ ድንጋይ ውሃውን በመካከሉ ያሳልፋል፤ ሲተው ግን አብጦ ይናዳል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2011 ከባድ ዝናብ ወርዶ ቬርናዛና ሞንቴሮሶ በጭቃና በድንጋይ ሲሞሉ፣ ሰውም ሲሞት፣ የተተዉት እርከኖች ነገር በየቤቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

የሲኞራ ልጅ በጄኖቫ የነበራትን የቢሮ ሥራ ትታ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳቡን ሳትደብቅ ነገረችኝ፦ ወይኑ ብቻውን አያኖራቸውም። በበጋ አንዱን ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ፤ የኪራዩ ገንዘብ ወደ ካቡ ይሄዳል። ጎረቤቶቻቸው እርከኑን ትተው ክፍል ብቻ በማከራየት የተሻለ ይኖራሉ። እናቷም «ሽጪው» ብለዋታል፤ ሁለት ጊዜ።

እኔ በሄድሁበት ሰሞን ሦስት ሜትር ያህል ካብ ተንዶ ነበር። መካብ በአገሩ የወንድ ሥራ ተብሎ የኖረ ቢሆንም፣ ልጅቱ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤት ተምራ ራሷ ትክበው ነበር። ሲኞራ ከላይ ተቀምጠው ትንንሹን ድንጋይ እየመረጡ ያቀብሏታል። ለቀማው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።