ኮዱ ትክክል ነው፤ ጃንጎ ግን ገና አልነቃም



በጃንጎ የምትሠሩ ሁሉ አንድ ቀን ይኼ ይገጥማችኋል። ድረ ገጹ በብራውዘር ሲከፈት እንከን የለውም። ከዚያ የደንበኞችን ዝርዝር ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ አጭር ስክሪፕት ለብቻው ትጽፋላችሁ። ስታስነሱት ተርሚናሉ በስህተት መልእክት ይሞላል፤ መጨረሻው ላይ «ኢምፕሮፐርሊ ኮንፊገርድ» ይላል። ያው ሞዴል፣ ያው ዳታቤዝ፣ ግን እምቢ!

በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ ይኼንኑ ስክሪንሾት ላከችልኝ። የከነከነኝ ግን ከሥሩ የጻፈችው ነው፦ «ቲቸር፣ ሦስት ቀኔ ነው። የሙከራ ጊዜዬ አርብ ያልቃል። ሞዴሎቹን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኳቸው፣ አልሆነም። ዳታቤዙን ላጥፋውና እንደ አዲስ ልፍጠረው? ወይስ ይኼ ሙያ ለእኔ አይደለም?»

ዳታቤዙ እኮ የመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ መረጃ ያለበት ነው! «ምንም እንዳትነኪ» ብዬ ወዲያው ደወልኩላት።

ኮዷ ምንም አልነበረበትም። ቤት ውስጥ መብራት እምቢ ሲል አምፖል ከመቀየራችን በፊት ቆጣሪው ጋ ሄደን እናይ የለ? ነገሩ እሱ ነው። ሰርቨሩን በማኔጅ ዶት ፓይ ስናስነሳ የሴቲንግስ ፋይሉ የት እንዳለ ለጃንጎ ይነገረዋል፣ አፖቹም ይጫናሉ። ስክሪፕቱን በቀጥታ በፓይተን ስናስነሳው ግን ይኼን የሚያደርግልን የለም። ጃንጎ የትኛው ዳታቤዝ ጋ፣ በየትኛው የይለፍ ቃል እንደሚገባ በምን ይወቅ?

ስለዚህ ስክሪፕቱ አናት ላይ ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው። አንደኛ፣ «ጃንጎ ሴቲንግስ ሞጁል» የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል በፕሮጀክታችሁ የሴቲንግስ አድራሻ ትሞላላችሁ። ሁለተኛ፣ ጃንጎን ኢምፖርት አድርጋችሁ «ሴትአፕ» የሚለውን ፈንክሽን ትጠራላችሁ። ሦስተኛ፣ ሞዴሎቹን ኢምፖርት የምታደርጉት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከዘለላችሁ ወይም ሞዴሎቹን ካስቀደማችሁ «አፕስ አረንት ሎደድ የት» ይላችኋል፤ አፖቹ ገና አልተጫኑም ማለቱ ነው። ኤዲተራችሁ ኢምፖርቶችን በራሱ የሚደረድር ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ሞዴሎቹን ወደ ላይ ወስዶ ስህተት ሊመልስባችሁ ይችላል።

ለአንድ ጊዜ ሥራ ይኼ ይበቃል። ደጋግማችሁ የምታስነሱት ከሆነ ግን ማኔጅመንት ኮማንድ አድርጉት። አፑ ውስጥ «ማኔጅመንት» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «ኮማንድስ»፣ በእሱ ውስጥ ፋይላችሁ። ፋይሉ ውስጥ ቤዝ ኮማንድን የሚወርስ «ኮማንድ» የተባለ ክላስ፣ ሥራው ደግሞ «ሃንድል» በሚለው ሜተድ። ከዚያ በማኔጅ ዶት ፓይ ትጠሩታላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። በክሮን ሌሊት ሌሊት እንዲሠራ ከፈለጋችሁም የቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን ፓይተንና የማኔጅ ዶት ፓይን ሙሉ አድራሻ ጻፉ፤ ክሮን እናንተ ተርሚናል ላይ ያዘጋጃችሁትን አያውቅም።

ተማሪዬ ሁለት መስመር ጨምራ፣ አንድ መስመር ወደ ታች አውርዳ ጨረሰች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ቀን የበላት ጃንጎ አይመስለኝም። መልእክቱ ረጅም ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀይ ነው፤ ስለዚህ አላነበበችውም፣ ፈራችው እንጂ። የመጨረሻውን መስመር ብታነቡት እኮ «ወይ ያንን ቫሪያብል ሙላ፣ ወይ ሴቲንግሱን ራስህ አዘጋጅ» ብሎ መፍትሔውን ቁጭ አድርጎታል። ማሽኑ የጻፈው ይኼን ብቻ ነው። «አንቺ አትችዪም» የሚለውን የጨመረችው እሷ ናት።

እባካችሁ፣ ሥራ ቦታ አዲስ ልጅ እንዲህ ተጨንቆ ስታዩት ኪቦርዱን ቀምታችሁ አታስተካክሉለት። አጠገቡ ተቀመጡና የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ዳታቤዝ ማጥፋት የሚያስመኝ ሌላ ስህተት የገጠማችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፣ አብረን እናንብበው።