ያኔ በኪስ፣ ዛሬ በአንገት

በሪያድ ጎዳና ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ በጠራራ ፀሐይ መንሸራሸር! ዛሬም ከቤት በወጣሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ያኔ ካሜራ ስንመርጥ ቀዳሚው ጥያቄ «ሌንሱ ምን ያህል ነው?» ሳይሆን «ኪስ ይገባል ወይ?» ነበር። በአደባባይ ፎቶ ማንሳት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ካሜራ ያላቸው ሞባይሎች እንኳ እስከ 2004 መጨረሻ ታግደው ነበር። ትልልቁን ሌንስ በበጥሃ ሱቆች መስታወት ውስጥ ቆመን እናየው ነበር። ገዝተነውስ የት እናወጣዋለን?

ስለዚህ የምናነሳው ቤት ውስጥ ነው፦ እንቁጣጣሽ፣ ልደት፣ ሰርግ፣ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ፎቶ። አቤት ያ የፍሎረሰንት መብራት! ፊልሙ ለፀሐይ ብርሃን የተሠራ ስለሆነ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ አረንጓዴ ገብቶበት ይወጣል፤ በአምፖል ሥር ደግሞ የሰው ፊት ሁሉ ብርቱካንማ ይሆናል። መድኃኒቱ ፊልተር ነበር። ለፍሎረሰንት ሮዝ ቀለም ያለው ኤፍኤልዲ፣ ለአምፖል ሰማያዊው 80ኤ። ይሄኛው ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ እርከን) ያህል ብርሃን ይበላል፤ ብዙ ብርሃን የሚሻ ባለ 100 ፊልም ከገባ ደግሞ 36ቱ ፎቶ እስኪያልቅ መቀየር የለም። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት፣ አሳጥቦ መጠበቅ፣ ከዚያ ፖስታው ሲከፈት የቤቱ ሰው በሙሉ ተንጋግቶ «እስቲ እኔን! እስቲ እኔን!» የሚለው ጩኸት! ዛሬ የእነዚያን ፊልተሮች ሥራ ዋይት ባላንስ የሚባል አንድ ቁልፍ ይሠራዋል። የእኔዎቹ ግን አሁንም በየማቀፊያቸው አሉ፤ ለማንም አልሰጥም።

ዩቪ ፊልተርም ዕጣው ተቀይሯል። ፊልም አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚያይ የሩቁ ተራራ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ ይወጣ ነበር፤ ዩቪው ያንን ይቆርጥ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ያንን ሥራ አስቀድሞ ስለሚሠራ፣ ዩቪ የሌንስ ጠባቂ ብቻ ሆነ። በሌላ ከተማ ቢሆን ተዉት እል ነበር። ሪያድ ላይ ግን አልልም! እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2009 ከተማዋን የዋጠውን የአቧራ ግድግዳ ያየ ሰው ሌንሱን ራቁቱን አያወጣም። ታዲያ አሸዋ ያረፈበትን መስታወት በጨርቅ መፈግፈግ መቧጨር ስለሆነ፣ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ እፍ ይባላል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ፖላራይዘር! ኮምፒውተር የቱንም ያህል ቢራቀቅ ይህን ፊልተር ሙሉ በሙሉ ሊተካው አልቻለም። ከመስታወት የተንጸባረቀ ብርሃን ከኋላው ያለውን ነገር ከሸፈነው፣ ያልተመዘገበውን በኋላ ከየት ያመጣዋል? ቀለበቱን በቀስታ አዙሩት፤ በኦላያ መንገድ የሱቆቹ መስታወት ነጸብራቁን ይጥልና ውስጡ ቁልጭ ይላል። ለሰማይ ደግሞ ትከሻችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ ጉልበቱ የሚበረታው ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ ላይ ነውና። ከዚያ 302 ሜትር ከፍታ ያለውን የኪንግደም ሕንፃ ወይም የዲርዒያን የጭቃ ግንቦች አንሱ፤ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጭቃው ሲያበራ ጮክ ብላችሁ ትስቃላችሁ! በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ ግን የሰማዩ አንድ ጎን ብቻ ይጠቁራልና ተጠንቀቁ። በሱቅ ስትጠይቁም «ሰርኩላር» በሉ፤ ሊኒየር የሚባለው የድሮው ዓይነት የአንዳንድ ካሜራዎችን ፎከስና የብርሃን ልኬት ያሳስታል።

ኤንዲ የምንለው ብርሃን ቀናሹ ጥቁር መስታወት ያኔ ከነጭራሹ ትርጉም አልነበረውም። ጎዳና ላይ ትራይፖድ ማቆም ማን ደፍሮ! አሁን ባለ አሥር ስቶፑን አስገብቼ በአደባባይ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ እከፍታለሁ፤ የሚተላለፈው ሰው ሁሉ ይተንና ሕንፃው ብቻውን ይቀራል። እንዲህ የሚነሳ አዲስ ነገርም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ሜትሮ አለን! ስድስት መስመር! የዛሃ ሐዲድ ቢሮ የነደፈውን የከተማዋን የፋይናንስ ማዕከል ጣቢያ ማዕበል መሳይ ግድግዳ ሳይ እንደ ሕፃን ያደርገኛል።

አዲስ ጀማሪ የአገሬ ልጆች «ጋሼ፣ ከምን ልጀምር?» ይሉኛል። ገንዘባችሁን ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ ላይ አውሉት፤ ካሜራ በየዓመቱ ይረክሳል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ካሜራ እየቀየረ ይኖራል። ፊልተርን በተመለከተ ሦስት ርካሽ ከመግዛት አንድ ደህና ፖላራይዘር ይበቃል። ሌንሶቻችሁ 52፣ 58 እና 67 ሚሊሜትር ቢሆኑም ባለ 77ቱን ግዙና ለየሌንሱ ማስተላለፊያ ቀለበት ጨምሩበት፤ የቀለበቱ ዋጋ ከሻይ ብዙ አይበልጥም። የተረፈውን ሪያል ለቤንዚን አስቀምጡ። «የዓለም ጠርዝ» የሚሉት የጠዊቅ ገደል ከከተማው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የመጨረሻው መንገድም ድንጋይና አሸዋ ስለሆነ ፎርዊል ድራይቭ መኪና ያለው ወዳጅ ከወዲሁ ፈልጉ። ከሌላችሁ ለእኔ ደውሉ፤ ዓርብ ጠዋት ሁሌም ዝግጁ ነኝ!